ጠላት ነው የጣለኝ?

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ባለፈው ዓመት በአንድ እሑድ ጠዋት ግራ እጄን በጨርቅ ከአንገቴ አንጠልጥዬ ምስክርነት ልሰጥ መድረክ ላይ ወጣሁ። ይህን ሰዓት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መዝሙሩ አልቋል፤ የፕሮግራሙ መሪ «ጌታ ያደረገለት አለ?» ብሎ ጠይቋል፤ ጉባኤው ለማመስገን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ማይክራፎኑን ያዝኩና እንዲህ አልኩ፦ «ጠላት ከአገልግሎት ሊያስቀረኝ ፈልጎ መንገድ ላይ ጣለኝ። አጥንቴን ሰበረ፤ ሕይወቴን ግን ሊነካ አልቻለም። ይኸው ዛሬ በፊታችሁ ቆሜያለሁ!» እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው። ከመድረክ ስወርድ እናቶች እያለቀሱ አቀፉኝ፤ የተጎዳውን ትከሻዬን እንዳይነኩ እየተጠነቀቁ።

ከተናገርኩት ግማሹ እውነት ነበር። አጥንቴ ተሰብሯል፤ ሕይወቴም ተርፏል። ጌታንም ከልቤ አመስግኛለሁ። የጣለኝን ግን በደንብ አውቀው ነበር። ያን ቀን ያልተናገርኩትን ዛሬ ልጽፍላችሁ ነው። የምጽፈው ራሴን ለመገረፍ አይደለም። ሁላችንም በየጊዜው የምንጋፈጠው አንድ ጥያቄ ስላለበት ነው፦ በእኛ ላይ ለደረሰው ክፉ ነገር ሁሉ ሰይጣንን መክሰስ እምነት ነው ወይስ ሽሽት?

የሚቀጥለው ሳምንት

የምኖረው ሐዋሳ ነው። በታቦር ተራራ ሥር ካሉት ሰፈሮች በቀር ከተማችን ለጥ ያለች ስለሆነች ለብስክሌት ትመቻለች። እኔም ወደ ሥራም ወደ ቤተ ክርስቲያንም የምመላለሰው በአንድ አሮጌ ብስክሌት ነበር። ከመውደቄ ሁለት ሳምንት በፊት ካላማዳሪ ላስለጥፍ ወደ ሰፈራችን ጠጋኝ ሄድኩ። ሰውየው ለጥፎ ሲጨርስ የኋላውን ፍሬን ጨበጥ ለቀቅ አደረገና ጎንበስ ብሎ አየው። «መምህር፣ የፍሬኑ ጎማ አልቋል። ብረቱ ቸርኬውን እየፋቀው ነው። አሁን ልቀይርልህ?» አለኝ። ዋጋው ከአንድ ሰው ምሳ አይበልጥም ነበር፤ ገንዘቡም ኪሴ ውስጥ ነበር። «ለሚቀጥለው ሳምንት» አልኩት። የሚቀጥለው ሳምንት መጣ፤ አለፈም።

የወደቅኩት ሐምሌ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ አባርቷል፤ አስፋልቱ ግን ገና አልደረቀም። የወጣቶች ጥናት የምመራበት ሰዓት ደርሶብኝ ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በሙሉ ኃይሌ እነዳ ነበር። ከፊቴ አንድ ባጃጅ ፍሬቻ አሳየና ወደ ቀኝ ጠርዝ ያዘ። ቅርጫት የያዙ አንዲት እናት ሊሳፈሩ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። የኋላውን ፍሬን ጨበጥኩ፤ አልያዘም። ያለቀ የፍሬን ጎማ በደረቅ ቀንም ደካማ ነው፤ ቸርኬው ውሃ ሲነካው ደግሞ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። በድንጋጤ የፊተኛውን በሙሉ ስጨብጠው የፊት ጎማው ተንሸራተተ። እኔም በመሪው ላይ አልፌ በግራ ትከሻዬ አስፋልቱ ላይ አረፍኩ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከራሴ ውስጥ ሰማሁ።

ሄልሜት አላደረግኩም ነበር። ጭንቅላቴ አስፋልቱን አለመንካቱን ሳስብ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል፤ ምስጋናዬም ከዚያ ይጀምራል።

የባጃጁ ሹፌር ሮጦ መጣ፤ ወጣት ልጅ ነው፣ ከእናንተ ከትልልቆቹ ብዙም አይበልጥም። እናቲቱ ነጠላቸውን አውልቀው ክንዴን ከደረቴ ጋር አሰሩልኝ። ሹፌሩ ደግፎ ባጃጁ ላይ አስቀመጠኝና ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ ቀስ ብሎ ሆስፒታል አደረሰኝ። ቤተሰቦቼ እስኪመጡ አልሄደም። የመንገዱን ሒሳብ ልክፈልህ ስለው «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይዳኑ» አለኝ። ማታ ብስክሌቴን ባጃጁ ላይ ጭኖ እቤቴ አደረሰው። ስለዚህ ሰው በምስክርነቴ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። እንዲያውም «ባጃጅ ድንገት ገባብኝ» ብዬ ነበር ያለፍኩት።

አጥንቱ

የተሰበረው ከደረት መኻል ተነሥቶ በአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ነው፤ ሐኪሞች ክላቪክል ይሉታል። ጣታችሁን ከአንገታችሁ ሥር ብታስኬዱት ታገኙታላችሁ። ቀጭን ነው፤ ቀጥ ያለም አይደለም፣ ሁለት ቦታ ጎበጥ ይላል። ክንዳችንን ከሌላው አፅማችን ጋር በአጥንት የሚያያይዘው እርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በትከሻ ስንወድቅ የምቱ ኃይል በእርሱ በኩል ያልፋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከመካከሉ ይሰበራል። ሐኪሙ ሌላም የሚያስደንቅ ነገር ነገረኝ። ፅንሱ በማኅፀን ገና ጥቂት ሳምንታት ሲሆነው ወደ አጥንትነት መለወጥ ከሚጀምሩት መካከል ይህ አጥንት ቀዳሚው ነው፤ እድገቱን የሚጨርሰው ግን ከሁሉም መጨረሻ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። ይህን ከምታነብቡት ብዙዎቻችሁ ገና ያላለቀ አጥንት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ ማለት ነው።

እናቴ ወጌሻ እንጂ ሐኪም አላለችም። ቢላዋ ትፈራለች፤ እኔም አልወቅሳትም። ብዙ ሰው በወጌሻ እጅ ድኖ አይታለች። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ በትዕግሥት አስረዳት። «እማማ፣ ይህ አጥንት ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና፣ ክንድ በማንጠልጠል ብቻ ይድናል። የልጅዎ ግን ሁለቱ ጫፎች ተለያይተው አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል፤ ትከሻውም አጥሯል። አጥንት እኛን አይጠብቅም። ባስቀመጥነው ቦታ ይጋጠማል፤ ጠማማ ካስቀመጥነው ጠማማ ሆኖ ይድናል።» ይህን የመጨረሻውን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። አጥንቱን ወደ ቦታው መልሰው በአንድ ስስ ብረትና በሰባት ብሎን አሰሩት። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ትምህርት ቤት ነበሩ። ጋደም ማለት ስለማልችል በትራስ ተደግፌ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ሸሚዝ ለመቆለፍ፣ እንጀራ ለመቁረስ፣ ጫማ ለማሰር የሰው እጅ ያስፈልገኝ ነበር። ባለቤቴ ፀጉሬን ታጥብልኝ ነበር። ከቁስሉ በታች ያለው ቆዳዬ ደነዘዘ፤ ሐኪሙ እዚያ የሚያልፉ ጥቃቅን ነርቮች በቀዶ ጥገና ጊዜ ስለሚነኩ ነው አለኝ። የክርን፣ የእጅ አንጓና የጣት እንቅስቃሴ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሬ እሠራ ነበር። ክንዴን ወደ ታች አንጠልጥዬ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ማወዛወዝ ግን ሲፈቀድልኝ ላብ እስኪያጠምቀኝ ያመኝ ነበር።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ከብረቱ ሥር ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በስብራቱ ዙሪያ የፈሰሰው ደም ይረጋል፤ በእርሱ ላይ ለስላሳ ማያያዣ ይበቅላል፤ ማያያዣው ቀስ በቀስ ይጠነክርና አጥንት ይሆናል፤ ከዚያም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ቅርጹን ያስተካክላል። ብረቱ አጥንት አያድንም፤ አጥንቱ እስኪድን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል እንጂ። ሐኪሙም ይህን አይደብቅም። እርሱ ያስተካክላል፣ ያስራል፣ ይጠብቃል፤ መጋጠሙን የሚሠራው በሰውነታችን ውስጥ የተቀመጠ ነገር ነው። «ጌታ ፈወሰኝ» ለማለት ሐኪሙን መደበቅ፣ ሐኪሙን ለማመስገንም ጌታን መርሳት እንደማያስፈልገኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እውነቱ ለሁለቱም ቦታ አለው።

ታሪኩ እንዴት አደገ

ውሸቴ በመድረክ ላይ አልተወለደም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርሷ «እንዴት ወደቅህ?» ስትለኝ «ባጃጅ ገባብኝ» አልኳት። ታምሜ ነበር፤ ረጅም ነገር ለማውራት አቅም አልነበረኝም። ለባለቤቴም ያንኑ ደገምኩ። እናቴ ስትሰማ «አይ ጠላት! ልጄን ሊነጥቀኝ!» አለች። አላረምኳትም። በማግስቱ ሊጠይቁኝ የመጡ ሽማግሌ «ወጣቶችን ለማስተማር ስትሄድ ነበር አይደል? በቃ፣ ግልጽ ነው» አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ጠያቂው በበዛ ቁጥር ታሪኩ ይበልጥ መንፈሳዊ እየሆነ፣ የፍሬኑ ጎማ ደግሞ እየራቀ ሄደ። በአራተኛው ሳምንት መድረክ ላይ ስወጣ እኔ ራሴ ላምነው ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ልብ በሉ፤ አንድም ጊዜ ቁጭ ብዬ «ልዋሽ» ብዬ አላሰብኩም። ሌሎች ያቀበሉኝን ማብራሪያ ተቀበልኩ፤ ለእኔ የሚመች ስለነበር ነው። በአንደኛው ታሪክ ውስጥ እኔ ቸልተኛ ሰው ነኝ። በሁለተኛው ውስጥ ጠላት የሚያሳድደኝ የጌታ አገልጋይ ነኝ። ከሁለቱ የትኛውን ትመርጡ ነበር?

«ውሰደው፣ ቀስ ብለህ ንዳ»

በሰባተኛው ሳምንት ከወጣቶቹ መካከል አንዱ ደወለልኝ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ እስኪድኑ ብስክሌትዎን ለጥቂት ቀን ያውሱኛል? ትምህርት ቤት እየራቀኝ ነው» አለኝ። ታናሽ ወንድሜ የተጣመመውን መሪ አቃንቶ፣ ብስክሌቱን አጥቦ ግድግዳ አስደግፎት ነበር። ፍሬኑን የነካው ሰው አልነበረም። ለምን ይነካዋል? በታሪኬ ውስጥ የተበላሸ ፍሬን የለም።

ልጁ ሲጠይቀኝ የፍሬኑ ጎማ ትዝ አለኝ ወይስ አላለኝም? ይህን ጥያቄ ብዙ ሌሊት አገላብጬዋለሁ። መልሱ አንድ ነው፦ ትዝ ብሎኛል። ለመናገር ግን ታሪኬን ማፍረስ ነበረብኝ። «ፍሬኑ አይሠራም» ብለው «ከመቼ ጀምሮ?» ይለኛላ! ስለዚህ «ውሰደው፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት። ይህቺን «ቀስ ብለህ ንዳ» የጨመርኳት ለእርሱ አልነበረም፤ ኅሊናዬን ላስተኛበት ነበር።

በማግስቱ ማታ እጁ ተጠቅልሎ መጣ። በሰፈራችን ቁልቁለት ሲወርድ ጀሪካን የተሸከመች አንዲት ትንሽ ልጅ መንገድ ስታቋርጥ አየ። ፍሬኑን ጨበጠ፤ አልያዘም። ልጅቷን ላለመምታት ወደ ቆርቆሮ አጥር ገባ። መዳፉ ተቀድዶ አራት ቦታ ተሰፋ። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። ቆሞ ሳለ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ብስክሌቱን ጎዳሁት» አለኝ። ይቅርታ የጠየቀው እርሱ ነበር! ከዚያም እንዲህ አለ፦ «ፍሬኑ እንደማይሠራ አላወቅኩም። እርስዎን የጣለዎት ጠላት ነው ስላሉ ብስክሌቱ ደህና መስሎኝ ነበር።»

ልጁ ይህን ሲናገር ምንም ክፋት አልነበረበትም። መምህሩ መድረክ ላይ የተናገረውን ቃል በቃል አምኖ በዚያ ላይ ተቀምጦ ነዳ።

ጥያቄው

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ጠላት የለም ልትል ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ጠላት እንዳለ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምራል፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ከመጀመሪያው ታሪክ ጀምረን እንይ። በኤደን አዳም በሔዋን አሳበበ፣ ሔዋንም በእባቡ (ዘፍጥረት 3፥12-13)። የሚያስደንቀው ሔዋን የተናገረችው ውሸት አለመሆኑ ነው፤ በእርግጥ እባቡ አስቷታል። እግዚአብሔርም በእባቡ ላይ ፈርዷል። ያም ሆኖ ሔዋንን ነፃ አላወጣትም፤ የጠየቃት እባቡ ያደረገውን ሳይሆን እርሷ ያደረገችውን ነበርና። ጠላት መኖሩ የእኔን ድርሻ አይሰርዝም። ያን ቀን ጠላት ፈትኖኝ ከሆነ እንኳ፣ የፈተነኝ መንገድ ላይ ሳይሆን ጠጋኙ ጋ «ለሚቀጥለው ሳምንት» ስል ነበር።

የሙሴ ሕግም በዚህ ነገር ላይ ከምንገምተው በላይ ወደ መሬት የወረደ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሰው ወድቆ እንዳይሞትና ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል (ዘዳግም 22፥8)። በዚያ ዘመን ጣራው ሰው የሚወጣበት፣ የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። «ጌታ ይጠብቃል» ብሎ መከታ አለመሥራት እምነት ተብሎ አልተቆጠረም። ስለ በሬም ይናገራል። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ነፃ ነው፤ ነገር ግን በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ ባለቤቱ ይጠየቃል (ዘጸአት 21፥28-29)። ልዩነቱ ያለው በበሬው ላይ አይደለም፤ ባለቤቱ ማወቁ ላይ ነው። ይህን ክፍል ለዓመታት አንብቤዋለሁ፤ እንዲያውም አስተምሬዋለሁ። ከጠጋኙ የሰማሁት ቃል ያው ማስጠንቀቂያ እንደ ነበር የገባኝ ግን የልጁን የተሰፋ መዳፍ ካየሁ በኋላ ነው። እኔ ተዋጊነቱ የተነገረኝ በሬ ነበረኝ፤ እርሱንም ለአንድ ልጅ አውሼዋለሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ እንዳንስት እንጠንቀቅ። ይህን አንብባችሁ ነገ የታመመውን ወንድማችሁን «ምን አጥፍተህ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት አልተግባባንም። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት አሥራ ስምንት ሰዎች ጌታ ሲናገር ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ገልጿል፤ ሰሚዎቹንም ስለ ሟቾቹ መፍረድ ትተው ወደ ራሳቸው እንዲመለከቱ አድርጓቸዋል (ሉቃስ 13፥1-5)። ኢዮብንም አስታውሱ። ሰው ያለ ጥፋቱ የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ ራሴ ከዚያ አስፋልት ላይ ለምን በሕይወት እንደ ተነሣሁ፣ ሌላው ደግሞ ለምን እንዳልተነሣ አላውቅም። «ይህ ለምን ደረሰብኝ?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የለንም። «እኔ ምን አደረግኩ?» ለሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ መልሱን እናውቀዋለን። ኃጢአቴ ሁለተኛውን ጥያቄ ለመሸሽ የመጀመሪያውን መመለሴ ነው። መልሱን የማላውቀውን በድፍረት ተናገርኩ፤ የማውቀውን ደበቅኩ።

ይህን ጥያቄ ለራሳችን እንጂ ለሌላው እንዳናቀርበው የምለምናችሁም ለዚህ ነው። ራስን መመርመር መድኃኒት ነው፤ የታመመን ሰው መመርመር ግን የሐኪም ሥራ ነው።

ክብር ስጥ

ከሁሉ የከበደኝ ክርክር ግን ሌላ ነበር። በውስጤ እንዲህ የሚል ድምፅ ነበር፦ «እውነቱን ብትናገር የጌታ ክብር ይቀንሳል። ሰው በምስክርነትህ ተጽናንቷል። አሁን የፍሬን ጎማ ነገር ብታመጣ የማን እምነት ይበረታል?» ይህን ድምፅ እናንተም ታውቁት ይሆናል። መንፈሳዊ ይመስላል።

መልሱን ያገኘሁት በኢያሱ መጽሐፍ ነው። አካን ከኢያሪኮ የተከለከለውን ሰርቆ በድንኳኑ ቀብሮ ሲያዝ፣ ኢያሱ ለእግዚአብሔር ክብር እንዲሰጥ ይነግረዋል። እንዴት? በመዝሙር አይደለም፤ በመሥዋዕትም አይደለም። ያደረገውን ሳይደብቅ እንዲናገር ይጠይቀዋል (ኢያሱ 7፥19)። እዚህ ቦታ ላይ ክብር መስጠትና እውነት መናገር አንድ ነገር ናቸው። አካን ተናገረ፤ ከቅጣቱ ግን አልዳነም፤ ታሪኩ ይህንንም አይደብቅም። እውነት ዋጋ ያስከፍላል። ነገር ግን እግዚአብሔር ክብሩን ለማብዛት የእኛን ውሸት የሚፈልግ ድኻ አይደለም። ውሸት የተቀላቀለበት ምስጋናዬ ለእርሱ የሰጠሁት ስጦታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በስሙ ራሴን መሸፈኛ አድርጌዋለሁ።

ደግሞስ ከሁለቱ ታሪኮች ምሕረት የበዛው በየትኛው ነው? በመጀመሪያው ጌታ ያዳነው ጠላት ያሳደደውን አገልጋይ ነው። በእውነተኛው ግን ያዳነው ማስጠንቀቂያ ሰምቶ የናቀን ሰው ነው። እኔ ፍሬኑን ቸል አልኩ፤ እርሱ ግን እኔን ቸል አላለኝም። ይህ ምስክርነት ከፊተኛው ያነሰ ነው?

ሁለተኛው ምስክርነት

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ልጁ ቤት ነው። ለእርሱም ለወላጆቹም ፍሬኑ እንዳለቀ አውቅ እንደ ነበር፣ እያወቅኩም እንደ ሰጠሁት ነገርኳቸው። እናቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «መምህር፣ ልጄ የሚሰማው ከእኛ ይልቅ እርስዎን ነው» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። የሕክምናውን ወጪ ሸፈንኩ፤ ያ ቃል ግን በገንዘብ የሚከፈል አልነበረም።

ቀጥሎ የባጃጁን ሹፌር ተራ ከሚይዝበት ቦታ ፈልጌ አገኘሁት። በሕዝብ ፊት ስለ እርሱ ያልሆነ ነገር እንደ ተናገርኩ ስነግረው በመጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ፊቱ ተለወጠ። ለካ ከጉባኤያችን አንዲት ደንበኛው ምስክርነቴን ሰምታ «ሰው ሰብረህ ነበር አሉ» ብላው ኖሯል። «እኔ እኮ ፍሬቻ አሳይቻለሁ» አለኝ። «አዎ፣ አሳይተሃል» አልኩት። ይህቺን ሁለት ቃል ከእኔ አፍ መስማት ለእርሱ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ነበረች ከዓይኑ አየሁ።

ከዚያም ወደ መጋቢያችን ሄጄ ሦስት ደቂቃ ለመንኩ። አንድ ሽማግሌ በዚህ አልተስማሙም፤ «ልጄ፣ የሰውን እምነት አታቀዝቅዝ» አሉኝ። እንደሚወዱኝ አውቃለሁ፤ የፈሩትም ለመንጋው ነው። መጋቢው ግን ፈቀዱልኝ። በአሥረኛው ሳምንት፣ የእጄ ማንጠልጠያ ወልቆ፣ እዚያው መድረክ ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ጠጋኙ፣ ስለ ሹፌሩ፣ ነጠላቸውን ስላወለቁት እናት፣ ስለ ልጁ መዳፍ። እልልታ አልነበረም። ጸጥታ ነበር፤ ወደ ወንበሬ ስመለስ የእርምጃዬን ድምፅ እሰማ ነበር።

ከፕሮግራሙ በኋላ ግን በር ላይ ሦስት ወጣቶች ጠበቁኝ። አንደኛው የፈተና ውጤቱ ሲበላሽ ለቤተሰቡ «ጠላት ነው» እንዳለ፣ ነገር ግን ደብተሩን እንዳልከፈተ ነገረኝ። ሁለተኛዋ ከጓደኛዋ ጋር የተጣላችበትን እውነተኛ ምክንያት ተናገረች። ሦስተኛው ምንም አልተናገረም፤ አብሮኝ እስከ ቤት ሄደ፤ መንገድ ላይም አለቀሰ። በመጀመሪያው ምስክርነቴ ማግስት እንዲህ ሊያወራኝ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። ሰዎቹ ተደስተውልኝ ነበር፤ ነገር ግን ጠላት ብቻ የሚጥለውን ሰው ማን ደፍሮ «እኔም ራሴ ወደቅኩ» ይለዋል?

ወዳጆቼ፣ ሐኪሙ ለእናቴ የነገራትን አስታውሱ፤ አጥንት ባስቀመጥነው ቦታ ይጋጠማል። ስለ ራሳችን የምናወራው ታሪክም እንዲሁ ነው። አይጠብቅም። ጠማማ ሆኖ ከተጋጠመ በኋላ ማቃናት ይቻላል፤ ነገር ግን የዳነውን መልሶ መስበር ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን፣ ነርሷ ስትጠይቀኝ «ፍሬኔ አልቆ ነበር፣ ሳልቀይረው ቀረሁ» ብላት ኖሮ ምንም አያመኝም ነበር። በአሥረኛው ሳምንት ግን አመመኝ።

ስለዚህ ለምስክርነት ከመቆማችሁ በፊት ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። በታሪኩ ውስጥ የእኔ ድርሻ ምን ነበር? የረዳኝን ሰው ትቼዋለሁ ወይስ ጠቅሼዋለሁ? ሰሚው ቃሌን አምኖ ነገ አንድ ነገር ቢያደርግ ይጎዳል? እነዚህን መልሳችሁ ከዚያ አመስግኑ፤ በሙሉ ድምፃችሁ አመስግኑ።

ብረቱ እስከ ዛሬ ትከሻዬ ውስጥ አለ፤ ቁስሌን ስነካው ቆዳው አሁንም በከፊል ደንዝዟል። በብስክሌት መሄድ ጀምሬያለሁ፤ ሄልሜትም ገዝቻለሁ። የፍሬኑን ጎማ ለመቀየር ወደ ጠጋኙ የሄድኩት ከዚያ ልጅ ጋር ነው። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ብስክሌቱን ሲያቀብለኝ ልጁ ቀደመኝና ጠባሳ ባለው እጁ ፍሬኑን አንድ ጊዜ ጨበጠው። ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ። «አሁን ይይዛል ጋሼ» አለኝ። እኔን አምኖ አልነበረም፤ ራሱ ሞክሮ ነበር። ደስ አለኝ፤ ትንሽም አመመኝ።